ለስልክ ሴኪዩሪቲ አፕዴት እንዴት ብንከፍል ይሻላል? አራቱን መንገድ እናወዳድራቸው

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ፣ ነፃ አፕዴት የሚባል ነገር የለም። ስልካችሁ ላይ "አዲስ ማሻሻያ አለ" ብሎ ሲመጣ የካርድ ቁጥር ስለማይጠይቃችሁ ነፃ ይመስላል እንጂ ሌባ ሊገባበት የሚችለውን የሶፍትዌር ክፍተት ፈልጎ ያገኘው፣ ኮዱን ያስተካከለው፣ በየሞዴሉ እየጫነ የሞከረው ሰው ሁሉ ደሞዝተኛ ነው፣ የሱ ደሞዝ ደግሞ ስልኩን የገዛችሁ ቀን ዋጋው ውስጥ ተቆርጧል። እንግዲህ ሁላችንም እየከፈልን ነው ማለት ነው፣ የሚለያየው አከፋፈላችን ነው። አንዱ ስልኩን ሲገዛ ጨምሮ ይከፍላል፣ አንዱ በየዓመቱ ይጠየቃል፣ አንዱ በጊዜውና በጉልበቱ ይከፍላል፣ አንዱ ደግሞ አልከፍልም ብሎ ይቀመጥና አንድ ቀን አካውንቱ ሲከፈትበት በአንዴ ይከፍላል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምፅፈው፣ ኩባንያዎቹ የሚቆጥሩት በዛ ስለሆነ እንዳይምታታባችሁ።)

"ስልኬ ጥሩ እየሰራ ለምን ልጨነቅ" ለሚል ሰው አንድ ታሪክ ብቻ ልንገርና ወደ ንፅፅሩ እንገባለን። ጁላይ 2015 ላይ ስቴጅፍራይት የተባለ የአንድሮይድ ጉድ ወጣ። አንድሮይድ ቪዲዮ የሚያነብበት ክፍል ላይ ነበር ችግሩ፣ እና የሚያስፈራው ነገር ስልክ ቁጥራችሁን ያወቀ ሰው ተንኮል ያለበት ኤምኤምኤስ (ፎቶና ቪዲዮ የሚላክበት መልእክት) ከላከ ይበቃው ነበር፣ መልእክቱን መክፈት እንኳን ላያስፈልግ ይችላል፣ ስልኩ ራሱ ቪዲዮውን ቀድሞ ላዘጋጅ ሲል ይጠቃል። ጎግል በየወሩ ሴኪዩሪቲ ፓች (ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ) ማውጣት የጀመረው ከዛ በኋላ ነው፣ ከኦገስት 2015 ጀምሮ። ከዛ በፊት አፕዴት ሲባል ሰው የሚያስበው አዲስ ኢሞጂና አዲስ መልክ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር አሁንም ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው።

ስለዚህ ሁለቱን እንለያቸው። አንድሮይድ 14 ወደ አንድሮይድ 15 ሲሄድ እሱ የቨርዥን ለውጥ ነው፣ ብትቀሩበት አትሞቱም። ሴኪዩሪቲ ፓች ግን ሌላ ነገር ነው፣ ቨርዥኑ ሳይቀየር ቀዳዳው ብቻ ይደፈናል። ሴቲንግ ገብታችሁ አባውት ፎን የሚለው ውስጥ የአንድሮይድ ቨርዥኑን ስትነኩት የሴኪዩሪቲ አፕዴቱ ቀን ይወጣላችኋል (አንዳንዱ ስልክ ላይ ሴኪዩሪቲ የሚለው ውስጥ ነው ያለው)። ያ ቀን ሁለት ሶስት ወር ወደ ኋላ ቢሆን ችግር የለውም፣ ከዓመት በላይ ከሆነ ግን ይሄን ፅሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መንገድ አንድ፦ ሲገዙ ጨምሮ መክፈል

ይሄኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስልክ ስንመርጥ ካሜራ እናያለን፣ ራም እናያለን፣ ባትሪ እናያለን፣ "ይሄ ስልክ እስከ መቼ ነው አፕዴት የሚያገኘው" ብሎ የሚጠይቅ ግን ከመቶ አንድ ሰው ነው (ቁጥሩን ከኪሴ ነው ያወጣሁት ግን ገብቷችኋል)።

የኔ ሂሳብ ቀላል ነው። የስልኩን ዋጋ ውሰዱ፣ ለቀሩት የአፕዴት ዓመታት አካፍሉት። በምንም ገንዘብ ይሁን፣ አንዱ ስልክ 300 ሆኖ ሁለት ዓመት አፕዴት ከቀረው በዓመት 150 ነው። ሌላው 560 ሆኖ ሰባት ዓመት ካለው በዓመት 80 ነው። ውድ የመሰላችሁ በግማሽ ረከሰ። በተቃራኒው ርካሽ ተብሎ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚተው ስልክ ሲደጋገም የሚበላው ገንዘብ ብዙ ነው።

አሁን ወጥመዱ፦ ኩባንያው "የ4 ዓመት አፕዴት" ሲል የሚቆጥረው ሞዴሉ ገበያ ከወጣበት ቀን ነው፣ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። እህቴ ካርቶኑ ያልተከፈተ ስልክ በቅናሽ አገኘሁ ብላ ደስ ብሏት መጣች፣ አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩም አልተላጠም፣ ሞዴሉ ግን ከወጣ ሶስት ዓመት አልፎታል። የገዛችው የአንድ ዓመት ስልክ ነው ማለት ነው፣ ቅናሹም ለዛ ነበር። እኔም ሳይነግሩኝ እንደዛ አድርጌ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ብዙ አልተናገርኳትም።

በቁጥር እንየው። ጎግል ፒክስል 8ን በኦክቶበር 2023 ሲያወጣ 7 ዓመት ብሎ ቃል ገባ፣ ስለዚህ እስከ ኦክቶበር 2030 ነው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ24ን በጃንዋሪ 2024 ሲያወጣ እሱም 7 ዓመት አለ። ፌርፎን የምትባለው ትንሽ ኩባንያ ስልክ፣ ፌርፎን 5፣ በ2023 ወጥቶ እስከ 2031 ተብሏል። አፕል ደግሞ ለረጅም ጊዜ ቃል አይገባም ነበር፣ ዝም ብሎ ይሰራ ነበር እንጂ፣ ለምሳሌ በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ እስከ ጃንዋሪ 2023 ድረስ ሴኪዩሪቲ አፕዴት ሲመጣለት ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት ከምናምን ማለት ነው። በኋላ ብሪታንያ በ2024 አምራቾች የድጋፍ ጊዜያቸውን በግልፅ ይንገሩ የሚል ሕግ ስታስጀምር አፕልም ለአይፎን 15 ቢያንስ 5 ዓመት ብሎ ፅፏል። ቢያንስ የሚለውን ልብ በሉ፣ በተግባር የሚሰጠው ከዛ በላይ ነው። ግን አፕል ራሱ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፣ የታወቁት ክፍተቶች በሙሉ የሚደፈኑት የመጨረሻው ቨርዥን ላይ ብቻ ነው፣ የድሮዎቹ የሚያገኙት ዋና ዋናውን ነው። ስለዚህ አሮጌው አይፎን አፕዴት መጣለት ማለት ከአዲሱ እኩል ሆነ ማለት አይደለም።

አንድሮይድ ላይም "7 ዓመት" እና "7 ዓመት" አንድ አይደሉም። አንዱ በየወሩ ይልካል፣ አንዱ በየሶስት ወሩ፣ አንዱ በዓመት ሁለቴ፣ ሳምሰንግ ራሱ ሞዴሎቹን በነዚህ ምድቦች ከፋፍሎ ያስቀምጣል፣ ስልኩ እያረጀ ሲሄድም ከወር ወደ ሶስት ወር ይወርዳል። ስትገዙ ስንት ዓመት ብቻ ሳይሆን በየስንት ጊዜው ብላችሁም ጠይቁ።

"ታዲያ ለምን ሁሉም 7 ዓመት አይሰጡም" ካላችሁ ትልቁ ምክንያት ቺፑ ነው። ፕሮሰሰሩን የሰራው ኩባንያ ለዛ ቺፕ የሚሆን ሶፍትዌር ማዘጋጀት ሲያቆም ስልክ አምራቹ ብቻውን መቀጠል ይከብደዋል። ፌርፎን 2 በ2015 ወጥቶ እስከ ማርች 2023 ተጎትቶ አፕዴት ሲያገኝ የነበረው ትንሿ ኩባንያ ቺፕ ሰሪው የተወውን ራሷ እየታገለች ስለሰራችው ነው፣ ደስ የሚል እልህ ነው። አሁን ነገሩ እየተሻለ ነው፣ ቺፕ ሰሪው ኳልኮም በ2025 ስናፕድራገን 8 ኤሊት የሚባለው ቺፑ ላላቸው ስልኮች እስከ 8 ዓመት የሚሆን ድጋፍ ለአምራቾች እንደሚሰጥ ተናግሯል። የአውሮፓ ህብረትም ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ እዛ የሚሸጥ ስልክ አምራቹ ሞዴሉን ለገበያ ማቅረብ ካቆመበት ቀን አንስቶ ለ5 ዓመት ያህል አፕዴቱን ያለ ክፍያ እንዲያገኝ አስገድዷል። ቆጠራው ከመጨረሻው እንጂ ከመጀመሪያው እንዳልሆነ አያችሁ? የእህቴን ችግር ነው የፈቱት።

ይሄ መንገድ ለማን አይሆንም? በየሁለት ዓመቱ ስልክ ለሚቀይር ሰው። ሰባት ዓመት ከፍሎ ሁለቱን ብቻ ተጠቅሞ መተው ነው፣ መልሶ ሲሸጠው ዋጋ ካላወጣለት በስተቀር። እጁ ላይ ስልክ ለማይበረክትለት ሰውም እንደዛው፣ ስክሪኑ በስድስት ወር ለሚሰበርበት ሰው የ2031 ቃል ምን ያደርግለታል። እና ባትሪውን አትርሱ፣ ስልክ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ባትሪ መቀየር አይቀርም፣ ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት።

መንገድ ሁለት፦ በየዓመቱ ለፓች መክፈል

ይሄ ለተራ ስልክ ተጠቃሚ የለም ማለት ይቻላል፣ ግን ሃሳቡ ብቅ ጥልቅ ስለሚል እንየው። አፕል አንድ ጊዜ ሞክሮት ያውቃል። በ2008 የአይፖድ ተች (ስልክ የማይደውል አይፎን በሉት) ባለቤቶች ሁለተኛውን የሶፍትዌር ቨርዥን ለማግኘት 9.95 ዶላር ይከፍሉ ነበር፣ በ2009 ሶስተኛውም እንደዛው፣ አይፎን የያዘው ግን ያንኑ በነፃ ያገኝ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ አስቂኝ ነው፣ የሂሳብ አያያዝ ነው። የአይፎን ገቢ በሁለት ዓመት ተከፋፍሎ ስለሚመዘገብ በመሃል አፕዴት ቢሰጥ ችግር የለውም፣ የአይፖዱ ግን በሽያጩ ቀን ስለሚዘጋ አዲስ ነገር በነፃ መስጠት ሂሳቡን ያበላሻል ተባለ። በ2010 ቀረ።

ኮምፒውተር ላይ ግን የተለመደ ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ ማይክሮሶፍት ለግለሰብ አንድ ተጨማሪ ዓመት በ30 ዶላር አቀረበ (ሴቲንጉን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ላገናኘ በነፃ)፣ ለድርጅት ደግሞ በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ ባህር ኃይል በ2015 ለአሮጌዎቹ ዊንዶውስ ኤክስፒና መሰሎቹ ድጋፍ 9.1 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ውል ፈርሟል። ከስልክ ጋር የሚቀራረበው መጋዘን ውስጥ ባርኮድ የሚያነቡት አንድሮይድ መሳሪያዎች ናቸው፣ ዜብራ የሚባለው ኩባንያ የአገልግሎት ውል ላለው ደንበኛ ፓቹን ለብዙ ዓመት ይቀጥልለታል። ድርጅት ካላችሁና መቶ እንደዚህ አይነት መሳሪያ ካላችሁ ያዋጣል፣ መቶውን ከመቀየር ይቀላል።

ለግለሰብስ? ኩባንያዬ ነገ "ድጋፍህ አልቋል፣ በዓመት ይሄን ያህል ብትከፍል እቀጥልልሃለሁ" ቢለኝ ዋጋው ከላይ ባለው ሂሳብ ከአዲስ ስልክ የዓመት ድርሻ ካነሰ ሳላንገራግር እከፍላለሁ። ስልኩ ደህና ነው፣ ለምን እጥለዋለሁ። ገና አዲስ እያለ ጀምሮ ለፓች ክፈል ከተባለ ግን አይሆንም፣ ቀዳዳውን ይዞ የሸጠልኝ እሱ ነው፣ በሩ ሳይዘጋ ቤት አከራይቶ ለቁልፉ ጨምር እንደማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፓች የሚከፍለው ብቻ ሲያገኝ ያልከፈለው ስልክ የሁሉም ችግር ይሆናል። ሜይ 2017 ላይ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሆን ፓች ነበረው፣ ግን የሚደርሰው ልዩ ውል ከፍለው ለያዙት ብቻ ነበር። ጥፋቱ ከመጣ በኋላ ነው ለሁሉም በነፃ የለቀቀው። ሳይደርቅ በእርጥብ የሚባለው ለዚህ ነበር።

እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ "ለአፕዴት ክፈሉ" የሚል ነገር ስልካችሁ ላይ ከመጣ

ማጭበርበር ነው። በቃ። የስልክ አምራች ሴኪዩሪቲ ፓች ለመስጠት ስክሪን ላይ ካርድ ቁጥር አይጠይቅም። በ2019 ጎግል ፕሌይ ላይ የሳምሰንግ አፕዴት እሰጣለሁ የሚል አፕ ነበር፣ ሳምሰንግ ጋ ምንም ግንኙነት የለውም፣ ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጭኗል። በነፃ ላውርድ ያለውን ሆን ብሎ በሰከንድ 56 ኪሎባይት ፍጥነት ያንቀራፍፈዋል፣ ሰዓታት ይፈጅና መጨረሻ ላይ ይቋረጣል፣ ከዛ 34.99 ዶላር ከፍለህ በፍጥነት አውርድ ይላል፣ ክፍያውንም በፕሌይ ስቶር በኩል ሳይሆን በቀጥታ ካርድ ቁጥር ተቀብሎ ነው። ያንኑ አፕዴት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በነፃ ማግኘት ይቻል ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ድረገፅ ስትከፍቱ "ስልክዎ በ13 ቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ያሻሽሉ" እያለ የሚንቀጠቀጠውም ያው ነው፣ አንድ ድረገፅ ስልካችሁ ውስጥ ቫይረስ መቁጠር አይችልም።

በተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት አንቲቫይረስ አፕዴት የቀረበትን ስልክ አያድነውም። ቀዳዳው ያለው ሲስተሙ ውስጥ ነው፣ አንቲቫይረሱ ደግሞ እንደማንኛውም አፕ ታጥሮ የሚቀመጥ ነገር ነው፣ ሲስተሙን መጠገን አይችልም። ከእጅ አይሻል ዶማ።

መንገድ ሶስት፦ ከስተም ሮም መጫን ወይም ማስጫን

ከስተም ሮም ማለት በአምራቹ ሲስተም ፋንታ የሚጫን፣ ሌሎች ያዘጋጁት አንድሮይድ ነው። አምራቹ የተወውን ስልክ ሌሎች በበጎ ፈቃድ ያነሱታል። ዋናው ሊኒየጅ ኦኤስ ነው፣ ከሱ በፊት የነበረው ሳያኖጅንሞድ በ2016 መጨረሻ ሲዘጋ የቀጠለው እሱ ነው። ግራፊን ኦኤስም አለ፣ እሱ ሴኪዩሪቲ ላይ ጥብቅ ነው ግን የሚታወቀው ፒክስል ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ የምትከፍሉት ጊዜ ነው፣ ወይም ፍላሽ ለሚያደርግላችሁ (ሲስተሙን ለሚጭንላችሁ) ባለሙያ ነው።

ወድጄዋለሁ፣ አንድ ስልክ ላይ ለሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ ግን ሰዎች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። አንደኛ ቡትሎደሩን (ስልኩ ሲነሳ ሲስተሙን የሚያስጀምረውን፣ ሌላ ሲስተም እንዳይጫን የሚቆልፈውን ክፍል) ስትከፍቱ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ባክአፕ ሳታደርጉ አትንኩት። ሳምሰንግ ከሆነ ደግሞ ኖክስ የሚባለው የሳምሰንግ መጠበቂያ ውስጥ ያለ፣ አንዴ ከተቃጠለ የማይመለስ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሴኪዩር ፎልደርና የክፍያው አፕ ከዛ በኋላ አይሰሩም፣ ወደ ኦሪጅናሉ ብትመልሱትም አይመለስም። ሁለተኛ ብዙ የባንክ አፖች የስልኩን ትክክለኛነት ስለሚጠይቁ አልከፈትም ይላሉ። መፍትሄ የሚባሉ ነገሮች አሉ፣ ዛሬ ይሰራሉ ነገ ይበላሻሉ፣ ከአፑ ጋር ድብብቆሽ መጫወት ነው።

ሶስተኛው ዋናው ነው። ሊኒየጅ የሚያድሰው የአንድሮይዱን ክፍል ነው፣ የዋይፋይ ቺፑን፣ የኔትወርክ ሞደሙን ሶፍትዌር አይደለም፣ እሱ በቺፕ ሰሪው እጅ ነው ያለው። በ2017 ብሮድፖን የተባለ ክፍተት ተገኝቶ ነበር፣ ብሮድኮም ዋይፋይ ቺፕ ላይ፣ አይፎንንም አንድሮይድንም የነካ፣ ዋይፋዩ በሚደርስበት ርቀት ላይ ያለ ሰው ምንም ሳትነኩ ቺፑ ውስጥ ይገባ ነበር። እንደዛ አይነቱን ከስተም ሮም ብቻውን አይደፍንም። ሊኒየጅ ራሱ ታማኝ ስለሆነ ትረስት የሚለው ሴቲንግ ውስጥ ሁለት የፓች ቀኖች ያሳያችኋል፣ የሲስተሙን ለብቻ የቬንደሩን (የአምራቹንና የቺፕ ሰሪውን ክፍል) ለብቻ፣ የላይኛው አዲስ የታችኛው የአራት ዓመት ሲሆን ታዩታላችሁ። ቢሆንም ምንም ከሌለው ስልክ በጣም ይሻላል።

እና ማን እንደሰራው የማይታወቅ ሮም ከቴሌግራም ቻናል አውርዳችሁ አትጫኑ፣ ሌባ ፈርታችሁ ቁልፉን ለማታውቁት ሰው መስጠት ነው። የምትጭኑት ስልካችሁ በፕሮጀክቱ ገፅ ላይ በይፋ ከተዘረዘረ ብቻ ነው።

መንገድ አራት፦ ምንም ሳይከፍሉ በአሮጌው መቀጠል

ይሄን መንገድ ሰው ስለሚያፍርበት ነው እንጂ ብዙዎቻችን እዚህ ነን፣ ስለዚህ "ግዙ" ብቻ ብሎ መሄድ ልክ አይደለም። አፕዴት የቀረበት ስልክ በማግስቱ አይጠለፍም። አንድሮይድ 10 እና ከዛ በላይ ከሆነ አንዳንድ የሲስተሙ ክፍሎች በጎግል ፕሌይ በኩል ይታደሳሉ፣ ብራውዘሩም ለብቻው ይታደሳል፣ ጥቃት የሚበዛው ደግሞ በብራውዘርና በመልእክት በኩል ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እሱም ያልቃል፣ ክሮም በ2025 አንድሮይድ 8ንና 9ን ተሰናብቷቸዋል። ብራውዘራችሁ አልታደስም ካለ እሱ የመጨረሻው ደወል ነው።

እስከዛ ድረስ አፕ ከፕሌይ ስቶር ውጪ አትጫኑ፣ የማትጠቀሙበትን አጥፉ፣ ብሉቱዝና ዋይፋይ ስራ ከሌለው ዝጉ፣ ኤምኤምኤስ በራሱ እንዳያወርድ አድርጉ፣ የባንክና የዋና ኢሜይል ነገር ካለ ወደ ሌላ ስልክ አዙሩት። የቤተሰብ ስልክ ተቀባበሉ ከተባለም ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ሰው አዲሱን ይያዝ፣ ጌም የሚጫወተው ልጅ አሮጌውን፣ ብዙ ቤት የሚደረገው ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ልጁ አዲሱን ይይዝና እናት የባንክ አፗን በ2018 ስልክ ላይ ትከፍታለች።

እኔ ብመርጥ? ገንዘብ ካለ አንድ ዓመት ያለፈው ግን 7 ዓመት ቃል የተገባለት ሞዴል እገዛለሁ፣ ዋጋው ወርዷል፣ ስድስቱ ዓመት አለ፣ ከሁሉም ሂሳብ የሚያዋጣው እሱ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ያገለገለ ከሆነም ያው ነው፣ ሻጩን ስለ ባትሪው ከመጠየቃችሁ በፊት ሞዴሉ የወጣበትን ወር ፈልጉ። ገንዘብ ከሌለና ስልኩ ሊኒየጅ ላይ ካለ፣ የባንክ አፕም ካልያዘ፣ አንድ ቅዳሜ ሰውቼ እጭነዋለሁ።

የድሮው ስልኬ አሁን ሲም የለውም፣ አካውንት የለውም፣ ዋይፋዩም ጠፍቷል፣ ማታ ማታ የወረደ ሙዚቃ ያጫውታል። ለሱ ስራ ፓች አያስፈልገውም።